የታካሚው ራስ አቀማመጥና የመተንፈሻ ቱቦ

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የጤና ትምህርት ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንዲህ ባለው መድረክ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እናቶች ጤና ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከቀዶ ሕክምና ክፍል በር ወዲያ የሚፈጸም፣ ቤተሰብም ካህንም ቆሞ ዐይቶት የማያውቀው ሥራ ነው። ይኸውም ማደንዘዣ የወሰደ ሰው በአፉ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባለት ራሱና አንገቱ እንዴት እንደሚቀመጡ ነው። «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለእኛ መንገሩ ምን ይረባል?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ምክንያታችን ግን ግልጽ ነው። ያንን ሥራ ከባድ ከሚያደርጉት ነገሮች ብዙዎቹ ከታካሚው ጋር ከቤት የሚመጡ ናቸው፤ ጠጉሩ፣ ጢሙ፣ አንገቱ ላይ ያሰረው፣ የሚነቃነቅ ጥርሱ፣ የቆየ ጠባሳው፣ ጠዋት ቀምሶ የደበቀው ጕርሻ። በእነዚህ ጉዳዮች ምእመኑ ከእኛ ቃል ይልቅ የንስሓ አባቱን ቃል ይሰማል።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ሰው በሙሉ ማደንዘዣ ሲተኛ «አንቀላፋ» ይባላል፤ እንቅልፍ ግን አይደለም። ያንቀላፋ ሰው ይተነፍሳል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ትን ቢለው ይነቃል። በማደንዘዣ ውስጥ ያለ ሰው ጡንቻው ሁሉ ይላላል፤ ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጉሮሮውን ይዘጋል፤ ጡንቻን የሚያዝለው መድኃኒት ሲጨመርማ ትንፋሹ ጨርሶ ይቆማል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ትንፋሹ በባለሙያው እጅ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ለ3 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል እንዲስብ ይደረጋል። ጤናማ ጎልማሳ በዚህ ስንቅ እስከ 8 ደቂቃ ገደማ ሊቆይ ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ በጣም ወፍራም ሰውና በጽኑ የታመመ ሰው ግን ስንቃቸው ቶሎ ያልቃል። ቱቦው መግባት ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከምላስ ሥር ወርደን ስናይ ሁለት መንገዶች አሉ። ከፊት ያለው ወደ ሳንባ፣ ከኋላው ያለው ወደ ሆድ ይወስዳል። የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ያለው ቱቦ መግባት ያለበት ከፊተኛው ነው፤ ከኋለኛው ገብቶ ቶሎ ካልታወቀ ሰውየው ይሞታል። ባለሙያው ላሪንጎስኮፕ በሚባል መብራት ባለው መሣሪያ ምላሱን አንሥቶ የድምፅ አውታሮቹን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ችግሩ አፍ በአንድ አቅጣጫ፣ ጉሮሮ በሌላ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። ዓይን ደግሞ ቀጥ ብሎ እንጂ ታጥፎ አያይም። ከውጭ ሲያዩት ቤቱ እንዳይታይ ታጥፎ እንደ ተሠራ የግቢ መግቢያ ነው።

ያንን እጥፋት የሚያቀናው የራስ አቀማመጥ ነው። እንቅስቃሴው ሁለት ነው፤ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ አንድ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው አንገት በደረት ላይ ወደ ፊት ማዘንበሉ ነው፤ ይህም ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ትራስ ከራስ ሥር በማድረግ ይገኛል። ሁለተኛው ራስ በአንገት ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ቀና ማለቱ ነው። ትራሱ ትከሻን ከነካ ጥቅሙ ይቀራል፤ ከፍ የሚለው ራስ ብቻ ነው። አሁን በተቀመጣችሁበት ሞክሩት። ቡና ተቆልቶ ምጣዱ እየጤሰ በእንግዶች ፊት ሲዞር ሰው ምን ያደርጋል? አንገቱን ወደ ፊት ያስግጋል፤ አፍንጫውን ግን ቀና ያደርጋል። አቀማመጡ ይኸው ነው። ዝም ብሎ ሰማይ እንደሚያይ ራስን ወደ ኋላ መጣል ሌላ ነው፤ አገጭን ደረት ላይ መድፋትም ሌላ ነው። ይህ ሦስተኛው መንገዱን ይብሱን ያጥፈዋል።

ባለሙያዎች ወደዚህ የደረሱት በአንድ ቀን አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1878 ግላስጎው ውስጥ ዊልያም ማክዩን የተባለው ቀዶ ሐኪም ቱቦውን በአፍ በኩል ያስገባው በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። በ1895 በርሊን ውስጥ አልፍሬድ ኪርሽታይን ማንቁርትን በቀጥታ በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ፤ የራስ አቀማመጥ ጥያቄም ዓይን ሥራ በጀመረበት በዚያን ጊዜ ተነሣ ማለት ይቻላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አይቫን ማጊል በእንግሊዝ አገር ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የተጎዱ ወታደሮችን ሲያደነዝዝ ጭንብል የሚያርፍበት ፊት አላገኘም፤ ቱቦ ግዴታ ሆነበት። በ1936 የጻፈውም የታካሚው ራስ የማለዳ አየር እንደሚያሸት ሰው ይሁን የሚል ነው። እርሱ የማለዳ አየር አለ፤ ቡና ያልነው እኛ ነን። በ1944 ባኒስተርና ማክቤዝ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ምክንያቱን ጻፉለት፤ በዚህ አቀማመጥ የአፍ፣ የጉሮሮና የማንቁርት ሦስት መስመሮች አንድ ይሆናሉ አሉ። ይህ ትምህርት ከመምህር ወደ ተማሪ ከ50 ዓመት በላይ ሳይመረመር ተላለፈ።

በ2001 ፍሬዴሪክ አድኔ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር 8 ጤናማ በጎ ፈቃደኞችን በኤም አር አይ መሣሪያ ሲያይ ሦስቱ መስመሮች በየትኛውም አቀማመጥ አንድ አለመሆናቸውን አገኘ። በዚያው ዓመት ከ400 በላይ በሆኑ ታካሚዎች ላይ የትራሱን አቀማመጥ ራስን ወደ ኋላ ብቻ ከማቅናት ጋር ሲያነጻጽር፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ልዩነት አላየም። ትራሱ የጠቀመው ለወፍራሞችና አንገታቸው እንደ ልብ ለማይታጠፍ ሰዎች ነበር። ጥቂቶች ይህን ሰምተው ትራሱን ጣሉት። የእኛ አስተያየት ሌላ ነው። ትራስ ርካሽ ነው፤ ማንን እንደሚጠቅም አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ማወቅ ደግሞ አይቻልም። መሣሪያው አንድ፣ ባለሙያው አንድ፣ ረዳት የሚሆነው ሐኪም ሩቅ በሆነበት ሆስፒታል ከትራሱ መጀመር ብልህነት ነው፤ ካልጠቀመ በአንድ እጅ ይወጣል።

ሁሉም ሰው ግን ለአንድ ትራስ አልተፈጠረም። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ የኋላ ራሱ ራሱ ትራስ ይሆነዋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትራስ ቢጨመርለት አገጩ ደረቱ ላይ ይደፋል፤ ስለዚህ የተጠቀለለ ጨርቅ የሚደረገው ከትከሻው ሥር ነው። በጣም ወፍራም የሆነ ሰው፣ እንዲሁም ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር፣ ከጀርባ ጀምሮ እስከ ራስ በተደራረበ ብርድ ልብስ እንደ ዳገት ከፍ ይደረጋሉ። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ከጎን ሲታይ የጆሮ ቀዳዳ ከደረት አጥንት በላይ ካለው የአንገት ሥር ስርጉድ ጋር በአንድ አግድም መስመር መዋል አለበት። ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ በጠፍጣፋ አልጋ በጀርባው ሲተኛ ራሱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሦስት አራት ትራስ ካልተደረደረለት አንገቱ ይጎዳል። እንቅርት ያለበት ሰው ደግሞ የአየር ቧንቧው ወደ ጎን ተገፍቶ ወይም ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ «በጀርባዬ ስተኛ ያፍነኛል» ካለ ይህ ቃል ለባለሙያው ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ቤተሰብ ይህን እያወቀ «የተለመደ ነው» ብሎ ሳይናገር የሚቀረው ለምን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ምናልባት እንቅርት በአካባቢው ብዙ ስለሚታይ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀን ግን የአንገት የቃጠሎ ጠባሳ ነው። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ምድጃ ላይ ይወድቃል፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃን የፈላ ነገር በራሱ ላይ ይደፋል። ቁስሉ በቤት ሲድን ቆዳው እየተሰበሰበ አገጭን ከደረት ጋር ያጣብቃል። እንዲህ ያለው ሰው ጠባሳውን ለማስለቀቅ ሲመጣ ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም፤ አፉም እንደ ልብ አይከፈትም፤ ማንኛውም ትራስ አይረዳውም። አንዳንዴ ቆዳው በቅድሚያ በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ካልተለቀቀ፣ ወይም ታካሚው ነቅቶ ሳለ ቱቦው በቀጭን መመልከቻ ካልገባ፣ ማስተኛቱ ራሱ የሞት መንገድ ነው፤ ያ መመልከቻ ደግሞ በየሆስፒታሉ አይገኝም። አንገቱ የተቃጠለ ልጅ ቁስሉ ሳይሰበሰብ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሕክምና ቢላክ፣ አንገቱም ቀና እንዳለ እንዲድን ቢታገዝ፣ ይህ ሁሉ ይቀንሳል። የሚጥል ሕመም ያለባቸው ጠበል የሚጠመቁ ምእመናንም የሐኪም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ አባቶች ቢመክሩ፣ ምድጃ ላይ የሚወድቀው ሰው ያንሳል።

አሁን ከቤት ወደሚመጡት ነገሮች እንለፍ።

ሴቶች ወደ ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት መሠራት ይወዳሉ፤ ንጹሕ ሆኖ መቅረብ ደግ ነው። ሹሩባው ከኋላ ተሰብስቦ ሲቋጠር ግን ያ ቋጠሮ ራስን ከትራሱ ላይ ያንከባልለዋል፤ ወይም አገጭን ይደፋል። ሹሩባው ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ቢለቀቅ ምንም አያስቸግርም፤ ማስቆረጥ አያስፈልግም። የሚያጣብቁ ሰው ሠራሽ ጠጉሮችና የብረት መያዣዎች ግን ከቤት ቢወጡ ይሻላል። አባቶችም ጥምጥማቸውን፣ መነኮሳትም ቆባቸውን ማውለቅ ሲከብዳቸው እናያለን። ለዚህ የሆስፒታሉን ስስ የጨርቅ ቆብ መጠየቅ ይቻላል፤ ራስ ሳይገለጥ ሥራው ይሠራል።

ስለ ጢም ስንናገር አባቶች ይፍቱን። ጢም ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የኦክስጅኑ ጭንብል ከፊት ጋር እንዳይገጥም አድርጎ አየሩን በጎን ያስወጣል፤ ያ የምንለው ስንቅ ሳይሞላ ይቀራል። ሁለተኛ፣ አገጩ ትንሽና ወደ ኋላ የገባ መሆኑን ይሸፍናል፤ ትንሽ አገጭ ያለው ሰው ደግሞ ቱቦ ለማስገባት አስቸጋሪ ነው። ይላጭ አንልም። ጢሙን በሚያጣብቅ ቅባት ማስተኛት፣ ወይም ጭንብሉን በሁለት ሰው መያዝ ይቻላል። የምንለምነው ባለሙያው በዋዜማው መጥቶ አገጫቸውን በጣቱ ሲለካ እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩት ነው። «አፍዎን ይክፈቱ፣ ምላስዎን ያውጡ፣ ጣሪያውን ይመልከቱ» ሲባሉ የሚቈጡ አሉ፤ ሆዴን ነው ያመመኝ፣ አፌን ምን አገባው ይላሉ። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ የሚታየው የአፍ ስፋት፣ የአንገት መታጠፍና የጥርስ ጥንካሬ ነው። የሚነቃነቅ ወይም የሚወልቅ ጥርስ ያለው ሰው ኀፍረት ሳይዘው መናገር አለበት፤ የተነቀለ ጥርስ ወደ ሳንባ ይገባል።

ወደ ማተብ እንምጣ። ማተብ ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አይገባንም። ክሩ ብቻውን የራስን አቀማመጥ የሚያሰናክለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚያስቸግረው ከክሩ ጋር የተንጠለጠለው የብረት መስቀል፣ ቁልፍ ወይም ሌላ ነገር ነው፤ በአንገት ላይ እጅ በሚያርፍበት ስፍራ ይውላል። ቀዶ ሕክምናው የአንገት ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ እንቅርት ለማውጣት ከሆነ፣ ክሩም በዚያ ሊቆይ አይችልም። በዚህ ጊዜ ታካሚው በአልጋ ላይ ሆኖ «ማተቤን አልበጥስም» ይላል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ባለሙያውም እምነቱን የነካ ይመስለዋል። ሁሉም በተጨነቁበት ሰዓት የሚደረግ ክርክር ነው። ክሩ ሳይበጠስ ተፈትቶ በእጅ አንጓ ሊታሰር፣ ወይም ለቅርብ ዘመድ በአደራ ሊሰጥ ይችላል። የትኛው እንደሚገባ የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ እኛ የምንጠይቀው ውሳኔው ለምእመኑ ከቤቱ ሳይወጣ እንዲነገረው ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንጨምር። የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ የራስ አቀማመጥ ከሆድ የሚመለስን ምግብ አይከለክልም። ማደንዘዣ በያዘው ሰው ሆድ ያለው ነገር ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በተለመደው መመሪያ ከምግብና ከወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ ቢያንስ 2 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ካዘዘ ትእዛዙ ይጠበቃል። ጾም ለሚያውቅ ምእመን ይህ ከባድ አይደለም። የሚረሳው ነገር ጠበል ነው። «ጠበል እኮ ምግብ አይደለም» ተብሎ በማለዳ በኩባያ ይሰጣል፤ ለሆድ ግን ውኃ ነው፤ እንደ ውኃም ይቈጠራል። መጠጣቱ በዋዜማው ቢሆን፣ ጠዋት ደግሞ ፊት ላይ መረጨት ብቻ ቢሆን፣ ማንም አይጎዳም። የተጠጣ ነገር ካለ ደግሞ መጠኑና ሰዓቱ ይነገር። ባለሙያው ሰዓቱን ያዘገየዋል እንጂ አይቈጣም፤ ቢቈጣም ንገሩት።

ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዶ «ቱቦ ማስገባት አስቸግሮን ነበር» የተባለ ሰው ቢኖር ይህ በወረቀት ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል። ወረቀቱ ከክርስትና ካርዱ ጋር በአንድ ከረጢት ቢቀመጥ አይጠፋም። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው እርሱን ነው።

በመጨረሻ የምናነሣው ሆስፒታል ከመድረስ በፊት ያለውን ነው፤ በዚህ ላይ የራስ አቀማመጥ ሙሉ በሙሉ በእናንተ እጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሰው ከመወጣጫ እንጨት ይወድቃል፤ በቅዳሴም ተዝለፍልፎ የሚወድቅ አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ተዝለፍልፎ የወደቀውና የሚተነፍሰው ሰው በጎኑ ይተኛል፤ ራሱ ትንሽ ቀና ይደረጋል፤ ከራሱ ሥር ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ አይደረግለትም፣ አገጩን ስለሚደፋው። አንኮራፋ ማለት ተኛ ማለት አይደለም፤ ምላሱ መንገዱን ዘግቶበታል፤ አገጩን ወደ ላይ አንሡለት። እስኪነቃም ድረስ ውኃም ጠበልም በአፉ አይጨመርም።

ከከፍታ የወደቀውን ግን አንገቱን አታንቀሳቅሱ፤ አትጎትቱት፣ አታስቀምጡት። በሆስፒታል እንኳ እንዲህ ላለው ሰው ያ የቡናው አቀማመጥ ቀርቶ አንድ ረዳት በሁለት እጁ ራሱን ቀጥ አድርጎ እንደ ያዘ ቱቦው ይገባል። ቢያስመልሰው ራሱን ብቻ አታዙሩ፤ ራስ፣ ትከሻና ወገብ እንደ ግንድ በአንድነት ወደ ጎን ይዞራሉ። ካንኮራፋ መንጋጋውን ከጆሮው ሥር በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፊት ግፉ፤ ራሱ ግን ወደ ኋላ አይታጠፍ። በቃሬዛ ስትወስዱት አራት ሰው ይሸከማል፤ አምስተኛ ሰው ጨምሩ። አምስተኛው ቃሬዛውን አይነካም፤ ሥራው ከራስጌ ሆኖ ጆሮና ጆሮውን በሁለት መዳፉ ይዞ፣ አፍንጫው ከእምብርቱ ትይዩ እንደሆነ አብሮ መራመድ ብቻ ነው። መንገዱ ረጅም ሆኖ ከደከመው ይተካ፤ ተተኪው ግን እጁን በስፍራው ሳያሳርፍ የመጀመሪያው እጁን አይልቀቅ።